ምስክር ፍለጋ በጎጃም መንገድ

እሑድ፣ ህዳር 7 ቀን 2012፤ ባህር ዳር

ብስክሌቴ ሳሎን ውስጥ ጎማዋን ሽቅብ አድርጋ ተገልብጣለች። እኔ ካቴናዋን ዘይት እቀባለሁ። እናቴ አጠገቤ በሶ ትነፋለች። ሁለታችንም ወለሉን አበላሽተናል፤ የተቆጣችው ግን እሷ ብቻ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመጪው ግንቦት ዓለምን በብስክሌት ልዞር እነሳለሁ። ሪከርድ ለመስበር። ይህን ስናገር ሰው መጀመሪያ ይስቃል። ቀጥሎ ዕድሜዬን ይጠይቃል። ከዚያ "ባልሽ ምን አለ?" ይላል። 36 ዓመቴ ነው። ባል የለኝም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ በሕይወቴ አንድም ውድድር ላይ ተሰልፌ አላውቅም። ብስክሌት የምነዳው የባህር ዳር ልጅ ስለሆንኩ ብቻ ነው። ባህር ዳር ሜዳ ናት። እዚህ ብስክሌት ስፖርት አይደለም፣ ዳቦ መግዣ ነው።

ልሰብረው የተነሳሁት ሪከርድ የስኮትላንዳዊቷ ጄኒ ግራሃም ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ያለ አጃቢ፣ ዕቃዋን ራሷ ተሸክማ፣ በ124 ቀን ከ11 ሰዓት ዞራ ገብታለች። ያገሯ ልጅ ማርክ ቦሞንት ከእሷ አንድ ዓመት ቀድሞ በ78 ቀን ከ14 ሰዓት ጨርሷል፤ ከኋላው ግን መካኒኩም ምግብ አብሳዩም በመኪና ይከተሉት ነበር። የእሱን አልነካም። እኔን የሚከተለኝ የእናቴ ስልክ ብቻ ነው።

ደንቡ ቀላል አይደለም። በፔዳል ብቻ 28,970 ኪሎ ሜትር መነዳት አለበት። አቅጣጫው አንድ ነው፤ ወደ ምሥራቅ የጀመረ ወደ ምሥራቅ ይጨርሳል። አውሮፕላኑና መርከቡ ሲደመር ጠቅላላው ከምድር ወገብ ርዝመት፣ ከ40,075 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም። በዚያ ላይ በሉሉ ላይ ፊትና ጀርባ በሆኑ ሁለት ቦታዎች ማለፍ ግዴታ ነው። የባህር ዳርን ጀርባ ካርታ ላይ ፈለግኩት። ፓስፊክ ውቅያኖስ መሃል ወደቀ። ስለዚህ መነሻዬ ማድሪድ ሆነ፤ ጀርባዋ ኒው ዚላንድ ነው። ማድሪድ ለመግባት ቪዛ፣ ከማድሪድ በኋላም ሌላ ቪዛ፣ ከዚያም ሌላ። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ዓለምን መዞር ራሱ ሪከርድ ነው፤ እሱን የሚመዘግብልኝ አላገኘሁም።

ዋናው ነገር ግን ሰዓቱ ነው። ሰዓቱ አይቆምም። ብተኛም፣ ብበላም፣ የአየር ማረፊያ ወረፋ ላይ ብቆምም ይቆጥራል። 28,970ን ለ124 ብታካፍሉት በቀን 233 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይመጣል። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ። እናቴ የመብራት ቆጣሪ ንባብ መስሏት ነበር።

ነገ ለአምስት ቀን ልምምድ እወጣለሁ። እስከ አባይ በረሃ ሄጄ እመለሳለሁ። በመጨረሻው ቀን ከደብረ ማርቆስ ባህር ዳር በአንድ ጉዞ። 265 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 124 ጊዜ የምፈልገውን አንድ ጊዜ ማድረግ ከቻልኩ እናያለን።

አንድ ነገር ረሳሁ። ጂፒኤስ ብቻውን አይበቃም። በየመንገዱ የማያውቁኝ ሰዎች "አዎ፣ እዚህ አይተናታል" ብለው በመዝገብ ላይ መፈረም አለባቸው። እሱንም ልለማመድ 50 ገጽ ደብተር ገዝቻለሁ። ቀላሉ ክፍል ይሄ ነው ብዬ አስባለሁ።

ሰኞ፣ ህዳር 8፤ እንጅባራ

ቀላሉ ክፍል አይደለም።

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጣሁ። እስከ መራዊ 32 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፣ ባህር ዛፉ ግራና ቀኝ ተሰልፏል፣ ነፋሱም ከኋላ። እንዲህ ከሆነ ዓለም ትንሽ ናት ብዬ ነበር። መራዊ ላይ አንድ ጎሚስታ ቤት ቆምኩ። ባለቤቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ደጃቸው ላይ አሮጌ ጎማ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ደብተሬን አወጣሁ።

"ለምን ጉዳይ ነው ልጄ? ፍርድ ቤት ነው?"

አስረዳኋቸው። ዓለም፣ ብስክሌት፣ ምስክር። በጥሞና ሰሙኝ። ደብተሩን ተቀብለው የጻፍኩትን አነበቡ። "ከባህር ዳር ተነስታ መራዊ መድረሷን" ይላል።

"ከባህር ዳር ስትነሺ አላየሁም" አሉ።

"መድረሴን ግን አይተዋል፣ አባቴ።"

"ስትደርሺ ቸርኬ እያቃናሁ ነበር። ቀና ስል ቆመሻል። ያላየሁትን አልመሰክርም። ስትመለሺ አይሻለሁ።"

ደብተሩን መለሱልኝ። 25 ደቂቃ ሄደ፣ ፊርማ የለም። ተናድጄ ነበር የወጣሁት። ወተት አባይ ላይ ግልገል አባይን ስሻገር ግን ብቻዬን ሳቅኩ። ሰውየው እኮ እውነታቸውን ነው።

ዳንግላ ላይ የምሳ ቤት አስተናጋጇ ሳታነብ ፈረመች። ከዚያ የወንድሟን ስም ጨመረች፤ ወንድሟ አዲስ አበባ ነው ያለው። "እሱም ደስ ይለዋል" አለችኝ። የመዝገቤ የመጀመሪያ ገጽ ላይ እንግዲህ አንድ የሐሰት ምስክር አለ።

ከዳንግላ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው። ባህር ዳር ከባሕር ጠለል 1,800 ሜትር ላይ ናት፤ እንጅባራ ከ2,500 ታልፋለች። አየሩም ዛፉም ይለወጣል። በየማሳው ዲከረንስ ተተክሏል፤ አድጎ ከሰል ይሆናል፤ ከሰሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ አስፋልት ዳር ይቆማል። ልጆች የራስ መከላከያዬን አይተው "ቻይና! ቻይና!" እያሉ ሮጡ። "ቻይና አይደለሁም፣ የባህር ዳር ነኝ" ስላቸው ፊታቸው ላይ ቅሬታ አየሁ።

አዲስ ቅዳም አጠገብ አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቡና አፍልተው ጠሩኝ። "ሰዓቱ አይቆምም" አልኩ ለራሴ፤ አልወረድኩም። "ስመለስ፣ እማማ!" ብዬ እየነዳሁ ጮህኩ። እሳቸውም መልሰው ጮሁ፦ "መቼ?" "አርብ!" አልኩ። አፌ ይቆረጥ።

118 ኪሎ ሜትር። ብስክሌት ላይ 6 ሰዓት ከ10፤ ቆሜ 3 ሰዓት ከ20። ችግሩ እግሬ ላይ አይደለም።

ማክሰኞ፣ ህዳር 9፤ ደብረ ማርቆስ

ሌሊቱ ያንቀጠቅጣል። ጠዋት ጣቶቼ ፍሬን መጨበጥ አቃታቸው። ዘንገናን እየነዳሁ በአንገቴ ብቻ አየሁት፤ ሐይቁ ክብ ነው፣ ጭጋጉ ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግማሽ ቀን የምቀመጥበት ቦታ ነው። መንገድ ዳር የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡም ነበሩ። ሪከርድ ማለት እንዲህ ያለውን ነገር እያዩ ማለፍ ከሆነ፣ እስካሁን ደስ አላለኝም።

ከጥሊሊ ቡሬ ቁልቁል ነው። እዚያ አገገምኩ። ቡሬን አልፌ ወደ ፍኖተ ሰላም ስጠጋ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። እሾህ ነው። ወርጄ የውስጡን ጎማ ሳወጣ አራት እረኞች ከየት እንደመጡ ሳላውቅ ከበቡኝ። ትልቁ አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። መንፊያውን ከእጄ ወሰደ።

"ተው፣ ራሴ ነኝ የምነፋው።"

"ለምን?"

ደንቡን እንዴት ላስረዳው? ከሱቅ መግዛት፣ ማንኛውም ሰው ከፍሎ የሚያገኘውን አገልግሎት ማግኘት ይቻላል፤ አጃቢ ግን ክልክል ነው። አሥር ዓመት የሆነው ልጅ አጃቢ ነው ወይስ አይደለም? እኔ ይህን እያሰብኩ እሱ ነፍቶ ጨረሰ። ብር አልቀበልም አለ። "ንጂና እንይሽ" ብቻ አለኝ። አራቱም እስከ ሚቀጥለው ድልድይ ከኋላዬ ሮጡ። ይሄው አጃቢ አገኘሁ።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ደምበጫ መኸሩ ተያይዟል። ጤፍ አጫጆች ጎንበስ ብለው ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ወንፈል መሆኑ ያስታውቃል። "በርቱ!" አልኳቸው። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቀና ብሎ "በርቺ!" አለኝ። እስከ አማኑኤል የነዳሁት በዚያች ቃል ነው።

ማርቆስ የገባሁት አመሻሽ ላይ ነው፤ 147 ኪሎ ሜትር። ከተማዋ ድሮ መንቆረር ነበር ስሟ፤ አቀበቱን ስወጣ ለምን ስም መለወጥ እንዳስፈለጋት አላውቅም፣ የሚያንቆራጥጥ ነገር ነው። በዛሬ ደብተር ላይ አምስት ፊርማ አለ። አንዱ ቄስ ናቸው፤ ስማቸውን ጽፈው ከሥሩ "እግዚአብሔር ያስጨርስሽ" ብለው ጨመሩ። ይህ በደንቡ ይፈቀድ አይፈቀድ አይታወቅም።

ረቡዕ፣ ህዳር 10፤ ደጀን

የዛሬውን በዝርዝር እጽፈዋለሁ፤ ኑዛዜም አለበት።

ከማርቆስ ደጀን 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሉማሜና በየትኖራ አድርጎ። ደጀን ሽሮ በልቼ ቁልቁል ወረድኩ። ከአፋፉ እስከ ድልድዩ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ከ1,300 ሜትር በላይ ይወድቃል። ብዙ ሰው መውረድ ይቀላል ይላል። አይቀልም። ሁለቱ የጎን ቦርሳዎቼ 14 ኪሎ ይመዝናሉ፤ እኔን ቀድመው አባይ ሊገቡ ይቸኩላሉ። አስፋልቱ በሙቀትና በከባድ መኪና ተጨምቆ እንደ ማዕበል ተጣጥፏል። ፍሬኔ የተቃጠለ ላስቲክ መሽተት ሲጀምር አቆምኩ። ቸርኬውን በጣቴ ነካሁት። የምጣድ ያህል ይፋጃል። ውሃ ልረጭበት አልኩና ተውኩት፤ ዝንጀሮዎች ግንቡ ላይ ተደርድረው ያዩኛል። አንዱ ዐይኑን ከበሶ ዕቃዬ ላይ አልነቀለም።

በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። ጠዋት ጃኬት፣ ቀትር ላይ ላብ። ታች ስደርስ ሁለቱ ድልድዮች አጠገብ ለአጠገብ ቆመዋል፤ አሮጌውና በጃፓን እርዳታ የተሠራው አዲሱ። ውሃው ቡና ይመስላል። ሰኞ ወተት አባይ ላይ የተሻገርኩት ያ ንጹህ ውሃ ጣና ገብቶ፣ ወጥቶ፣ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ መጥቶ እዚህ ጠበቀኝ። እኔ በአስፋልት አቋርጬ መጣሁ፤ እሱ ዞረ። መዞር እንዲህ ነው።

ጥበቃውን ምስክርነት ጠየቅኩት። "ፎቶ አታንሺ እንጂ እፈርማለሁ" አለ። ደብተሩን ያዘ፣ አሰበ፣ መለሰ። "ሳልታዘዝ ግን ባልፈርም ይሻላል።" ውሃ ግን ሰጠኝ።

ከዚያ ሽቅብ። በሰዓት ሰባት ኪሎ ሜትር። የመጨረሻው ማርሽ ላይ ነኝ፤ ከዚያ በታች የለም። ቶማስ ስቲቨንስ እ.ኤ.አ. ከ1884 እስከ 1886 ዓለምን የዞረው የፊት ጎማዋ ደረት በምታህል፣ ማርሽ በሌላት ብስክሌት ነው። ይህን አስቤ ለመበርታት ሞከርኩ፤ ይልቅ ለሰውየው አዘንኩ። በሶዬን በውሃ በጥብጬ ጠጣሁ። ከላይ የሚወርደው ሲኖ ትራክ፣ ሰዉ "ቀይ ሽብር" የሚለው፣ ባለፈ ቁጥር አቧራውን ከበሶው ጋር እውጣለሁ።

አሥረኛው ኪሎ ሜትር ላይ አንድ ጭነት መኪና እያቃሰተ አለፈኝ። ፍጥነቱ ከእኔ ትንሽ ይበልጣል። ከኋላው ገመድ ተንጠልጥሏል። እጄ እንዴት እንደያዘው አላውቅም። ልክ የሆነ ሰው እንደገፋኝ ሆነ። እግሬ ቆመ። ነፋስ ፊቴን ነካው። እንዴት ይጣፍጣል! 200 ሜትር ያህል እንደሄድኩ ለቀቅኩት።

ማንም አላየኝም። ሾፌሩም አላየም። መንገዱ ዳር ቆምኩ፤ ፈረሶች እንደሚያደርጉት ጭንቅላቴን ደፍቼ። መራዊ ያሉት ሽማግሌ ትዝ አሉኝ። ብስክሌቷን አዞርኩ፣ ገመዱን የያዝኩበት መታጠፊያ ድረስ ወረድኩ፣ እንደገና ወጣሁ። 200 ሜትሩ ላይ ሁለት ጊዜ ቆምኩ። ደጀን ስደርስ ጨለማ ነበር።

ሐሙስ፣ ህዳር 11፤ ደብረ ማርቆስ

ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። 70 ኪሎ ሜትር፣ ነፋስ ከፊት፣ ሌላ ወሬ የለም። እግሬን በሞቀ የጨው ውሃ ዘፈዘፍኩ። ጁሊያና ቡህሪንግ የተባለችው ሴት እ.ኤ.አ. በ2012 በ152 ቀን ዓለምን የዞረችው ብስክሌት መንዳት በጀመረች በወራት ውስጥ ነው፤ እሷን እያሰብኩ ተኛሁ። እናቴ ደውላ ነገ ህዳር ሚካኤል መሆኑን አስታወሰችኝ። "ቤተ ክርስቲያን ሳትሳለሚ እንዳታልፊ።" ከማርቆስ እስከ ባህር ዳር ስንት ሚካኤል እንዳለ ብትቆጥሪው፣ እማዬ።

አርብ፣ ህዳር 12፤ መንገድ ላይ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሳሁ። ብርድ፣ ውሻ፣ የራሴ መብራት። ፍኖተ ሰላም 2 ሰዓት ላይ፤ 87 ኪሎ ሜትር። በሕይወቴ እንዲህ ነድቼ አላውቅም።

ከዚያ ጭሱ ጀመረ። ህዳር ሲታጠን መሆኑን ረስቼዋለሁ። በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይነዳል። በ1911 ዓ.ም. የህዳር በሽታ ሰውን ሲፈጅ የተጀመረ ነው ይባላል፤ አያቴ "በሽታው በጭስ ይወጣል" ትል ነበር። መቶ አንድ ዓመት ሆኖታል፣ ሰዉ አሁንም ያጥናል። በአፍንጫዬና በአፌ ላይ ነጠላ አስሬ እያሳልኩ ነዳሁ። አንዲት ልጅ "አንቺንም አጠንንሽ!" ብላ ሳቀችብኝ።

ቡሬን አልፌ ታቦት ገጠመኝ። ምእመኑ አስፋልቱን ሞልቷል። ወረድኩ፣ ራስ መከላከያዬን አወለቅኩ፣ ቆምኩ። ከበሮው፣ እልልታው፣ ጥላው ሁሉ እስኪያልፍ 40 ደቂቃ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ይቁጠር። ሚካኤልን ቀድሜ ወዴት እሄዳለሁ?

አዲስ ቅዳም 7 ሰዓት ከ10። እሳቸው ደጃቸው ላይ ነበሩ። ረከቦቱ ቀርቧል፣ ቄጤማው ተጎዝጉዟል።

"አርብ ብለሽ የለ? አቦል ደርሰሻል።"

ስንቶቻችሁ እያለፋችሁ ትነዱ ነበር? አቦልን ጠጣሁ፣ ቶናንም። በረካ ላይ ልነሳ ስል "በረከቱን ጥለሽ?" አሉኝ። ንፍሮ መጣ። ጠላ መጣ፤ እሱን እንኳን በጭንቅ መለስኩት። መፈረም አይችሉም፤ አውራ ጣታቸውን በከሰል ነክተው ደብተሩ ላይ አሳረፉ። አንድ ሰዓት ከሩብ። በ124 ቀን ብታባዙት ስድስት ቀን ተኩል ይመጣል። አባዝቼዋለሁ፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ አላልኳችሁም?

ከዳንግላ ወዲህ ጉልበቴ አለቀ። ወተት አባይ ላይ ፀሐይ ገባች። ቆሎ እየቆረጠምኩ፣ ቆጣሪውን እያየሁ። 229። 230። መራዊ መግቢያ ላይ መብራቱ ሲታይ 232 ነበር። ጎሚስታው ቤት ፊት ስቆም 233 ከጥቂት።

ሽማግሌው ሱቃቸውን ሊዘጉ ቁልፍ ይዘዋል። ከሩቅ ጀምሮ ሲያዩኝ ነበር።

"ከየት ነው የመጣሽው?"

"ከደብረ ማርቆስ። ዛሬ ሌሊት ተነስቼ።"

"ማርቆስን አላየሁም" አሉ። ደብተሩን ግን ተቀበሉ። የእጅ ባትሪያቸውን በአገጫቸው ይዘው በዝግታ ጻፉ፦ "በ12/3/2012 ከምሽቱ መራዊ በብስክሌት ስትገባ በዐይኔ አይቻለሁ። ደክሟታል።" ከዚያ ቀና አሉ።

"ሰዓቱ ስንት ልበል?"

ስልኬን አየሁ። "1 ሰዓት ከ14።"

የእጅ ሰዓታቸውን ወደ ባትሪው አስጠጉ። "1 ሰዓት ከ20 ነው።"

"ስልኩ ከሳተላይት ነው የሚቀበለው፣ አባቴ።"

"ምስክሩ ስልክሽ ነው ወይስ እኔ?"

1፡20 ብለው ጻፉ። ፈረሙ። ባህር ዳር 32 ኪሎ ሜትር ይቀራል፤ እናቴ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ስድስት ደቂቃ ከስሬ መብራቴን አበራሁ።